ዲቴንት፦ የሰንጢ ስለት ማገቻ

ዲቴንት የታጣፊ ሰንጢ ስለት ተዘግቶ እጀታው ውስጥ ሳለ በራሱ እንዳይከፈት የሚያግት፣ ባለቤቱ አስቦ በጣቱ ሲገፋው ግን የሚለቅ ትንሽ መያዣ ነው። ብዙ ጊዜ ከመቆለፊያ ጋር ይምታታል፤ ይሁን እንጂ መቆለፊያ የተከፈተው ስለት ተመልሶ ጣት ላይ እንዳይታጠፍ የሚከላከልና እስኪፈታ ድረስ ለግፊት የማይበገር ሲሆን፣ ዲቴንት የሚሠራው በተዘጋው ስለት ላይ ነው፤ ከልኩ ያለፈ ኃይል ሲያገኝ እንዲሸነፍም ሆነ ተብሎ የተሠራ ነው።

ዛሬ በብዛት የሚታየው ባለ ኳስ ዲቴንት ላይነር ሎክና ፍሬም ሎክ ከሚባሉት የመቆለፊያ ዓይነቶች ጋር አብሮ የተስፋፋ ነው። በላይነር ሎክ እጀታው ከውስጥ ከተለበጠበት ስስ ብረት፣ በፍሬም ሎክ ደግሞ ከራሱ ከእጀታው ወፍራም ጎን ላይ፣ በአንድ ጫፉ ብቻ የተያያዘ ረዘም ያለ ምላስ ተቆርጦ ይወጣል፤ ወደ ውስጥ ጥቂት ስለታጠፈም ሞላ ሆኖ ዘወትር ስለቱን ይገፋል። ስለቱ ሲከፈት ምላሱ ከስለቱ ግርጌ ኋላ ገብቶ ይቆልፈዋል፤ ሲዘጋ ግን የግርጌውን ጎን ከመጫን በቀር ሌላ ተግባር አይኖረውም። አሜሪካዊው ሰንጢ ሠሪ ማይክል ዎከር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ቀደም ሲል የነበረውን ላይነር ሎክ ሲያሻሽል ይህን ሥራ ፈት ግፊት ምላሱ ላይ በተተከለች ኳስ አማካይነት ጥቅም ላይ አዋለው፤ ክሪስ ሪቭ በዚያው አስርት ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ የፈለሰፈው ፍሬም ሎክም ኳሷን ወርሷል።

ኳሷ ከትንሽ ኩሽኔታ ውስጥ እንደሚገኙት ዓይነት ስትሆን፣ ብዙውን ጊዜ 1.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ያላት፣ ከጠነከረ ክሮም ብረት ወይም ከሴራሚክ የተሠራች ናት። ከእርሷ በጥቂቱ በሚጠብ ቀዳዳ ውስጥ በኃይል ተጭና ትገባለች፤ ከፊሏም ከምላሱ ወለል ብቅ ብሎ ይቀራል። በስለቱ ግርጌ ጎን ላይ ደግሞ ሌላ ቀዳዳ አለ፤ ስለቱ ሊዘጋ ሲል ኳሷ ወደዚህ ቀዳዳ ትወርዳለች። የቀዳዳው ቦታ የሚመረጠው ኳሷ መሃል ላይ እንዳታርፍ፣ ይልቁንም በአንድ በኩል ያለውን ጠርዝ ብቻ እንድትደገፍ ተደርጎ ነው፤ በዚህም የምላሱ የጎን ግፊት በኳሷ ክብ ፊት ላይ ተንሸራቶ ስለቱን ወደ እጀታው የሚስብ ኃይል ይሆናል፣ ስለቱም ጉዞውን በሚገታው ማቆሚያ ፒን ላይ ተለጥፎ ሳይንቀጠቀጥ ይቀመጣል።

የዲቴንት ጥንካሬ ከምላሱ ግፊት ይበልጥ በቀዳዳው ልክ ይወሰናል ማለት ይቻላል። 1.6 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት ኳስ 1.2 ሚሊ ሜትር በሆነ ቀዳዳ ላይ ብትቀመጥ 0.27 ሚሊ ሜትር ያህል ትሰምጣለች፤ ለመውጣት የምትወጣው ዳገትም ወደ 49 ዲግሪ ይጠጋል። ቀዳዳው ወደ 1.4 ቢሰፋ ስምጠቷ 0.41፣ ዳገቱም 61 ዲግሪ ይሆናል። ሰበቃን ወደ ጎን ብንተው፣ ምላሱ እንዳለ ሆኖ የሚያስፈልገው ኃይል በዚህ ብቻ 60 ከመቶ ገደማ ይጨምራል። ኳሷ ከማጠፊያው ዘንግ በራቀች ቁጥርም ስለቱን የመያዝ ጉልበቷ ያድጋል። አንድ ፋብሪካ የሚያመርታቸው ሁለት ተመሳሳይ ሰንጢዎች አንዱ ላላ፣ ሌላው ጠንከር ብሎ የሚገኝበት ምክንያት እነዚህ ጥቃቅን ልዩነቶች ናቸው።

ጠንካራ ዲቴንት ሁልጊዜ የተሻለ ነው ማለት አይደለም። ከስለቱ ጀርባ በወጣች ትንሽ ክንፍ በሌባ ጣት ተገፍተው በሚከፈቱ ሰንጢዎች ዲቴንቱ ጠንከር ማለት አለበት፤ ጣቱ ኃይል እስኪያጠራቅም ይዞ ቆይቶ በአንድ ጊዜ ሲለቅ ነውና ስለቱ እስከ መጨረሻው የሚወረወረው። በአውራ ጣት ቀስ ተብሎ የሚከፈተው ሰንጢ ግን እንዲህ ቢጠነክር ጣት አዳልጦ ስለቱ ላይ ሊያርፍ ይችላል። በአሜሪካ ጉዳዩ የሕግ ፍሬ ነገርም ሆኗል፤ እ.ኤ.አ. በ1958 የወጣው የፌዴራል ሕግ በራሳቸው የሚፈናጠሩ ሰንጢዎችን ከክፍለ ግዛት ክፍለ ግዛት መነገድን ሲከለክል፣ በ2009 የተደረገው ማሻሻያ ስለቱን ወደ መዘጋት የሚያዘነብል ሞላ ወይም ዲቴንት ያላቸውንና በእጅ ኃይል የሚከፈቱትን ከክልከላው ውጪ አድርጓል።

ኳሷ ሌላም አገልግሎት አላት፤ ስለቱ ሲዞር ምላሱ በሙሉ ፊቱ እንዳይፋተግ ታደርጋለች፤ ይህም በተለይ ከስለት ብረት ይልቅ ለስላሳ ለሆነው ለቲታኒየም ምላስ ይበጃል። በግርጌው ላይ የምትተወው ቀጭን ቅስት መስመር ጉዳት ሳይሆን የመሄጃዋ ዱካ ነው።

በጥገና በኩል አብዛኛው ችግር የኪስ ብናኝ ነው፤ ቀዳዳው ውስጥ የተጠቀጠቀ ጉድፍ ኳሷ በሙሉ እንዳትሰምጥ ስለሚያግዳት ዲቴንቱ የደከመ ይመስላል። በሹል እንጨትና በአልኮል ከተጠረገ በኋላ በዱካው ላይ አንዲት ጠብታ ቀጭን ዘይት በቂ ናት፤ ሲበዛ ዘይቱ ራሱ አቧራ ይሰበስባል። ቀጥሎ የሚታየው የዘንጉ ብሎን ነው፤ ከልክ በላይ ከጠበቀ ስለቱ የሚከብደው በዲቴንቱ ሳይሆን በራንዴላዎቹ ሰበቃ ነው፤ ከላላ ደግሞ ስለቱ ይወዛወዛል። ራንዴላ ሲቀየር ውፍረቱ ከቀድሞው ጋር እኩል መሆን አለበት፤ አለዚያ በምላሱና በግርጌው መካከል ያለው ክፍተት ተለውጦ የኳሷ ስምጠት ይዛባል።

ብዙ ሰው ቀድሞ የሚሞክረው ምላሱን ወደ ውስጥ ይበልጥ ማጠፍ ነው፤ መሆን የሚገባው ግን የመጨረሻው አማራጭ ነው። ግፊቱ ሲጨምር መቆለፊያው በግርጌው ሥር ጠልቆ ለመፍታት ያስቸግራል፣ ኳሷም ቶሎ ትበላለች፤ ቲታኒየም ደግሞ ወደ ነበረበት ስለሚመለስ አጣፊው ሳያስበው ከልኩ ያልፋል። የብረት ኳስ ዝጋ ወይም ፊቷ ተጠፍጥፎ ከተገኘ በሞርሳ ተጭኖ በሚገባ አዲስ ኳስ ትተካለች፤ ከመነቀሏ በፊት ምን ያህል ብቅ እንዳለች መለካት ይበጃል። የሴራሚክ ኳስ አይዝግም። በስለቱ ግርጌ ያለው ቀዳዳ ጠርዝ ራሱ ተበልቶ ከሆነ ግን አዲሷ ኳስ ብቻዋን አትጠቅምም፤ ቀዳዳውን ማስፋት ሊመለስ የማይችል ሥራ በመሆኑ፣ ባለሙያዎች ብዙውን ጊዜ ከዚያ በፊት በምላሱ ላይ ትንሽ ተለቅ ያለች ኳስ መትከልን ይመርጣሉ።