ጀርም የማይዝ ቱቦ ፍለጋ

ባለፈው ክረምት አባቴ በፕሮስቴት ምክንያት ሽንት እምቢ ብሎት ሆስፒታል ተኛ። ካቴተር ገባለት፣ እፎይ አልን። በስድስተኛው ቀን ግን ያንቀጠቅጠው ጀመር፣ ትኩሳቱም አልወርድ አለ። የማታዋ ነርስ የሽንት ከረጢቱን አይታ "ከቱቦው ነው፣ ኢንፌክሽን ይዞታል" አለችኝ። "ታዲያ ጀርም የማይዝ ቱቦ አይሠሩም እንዴ ሲስተር?" ብላት ፈገግ ብላ "ሞክረዋል ወንድሜ" አለች። ይቺ "ሞክረዋል" እንቅልፍ ነሳችኝ። ከዚያ ወዲህ ያነበብኩትን ላካፍላችሁ (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)።

ነገሩ የቆየ ነው። በ1752 ቤንጃሚን ፍራንክሊን፣ አዎ ያው የመብረቁ ሰውዬ፣ ወንድሙ ጆን በፊኛ ጠጠር ሲሰቃይ የሚተጣጠፍ የብር ቱቦ አሠራለት። በ1930ዎቹ ደግሞ የሚኒሶታው ሐኪም ፍሬደሪክ ፎሊ ጫፉ ላይ የሚነፋ ትንሽ ፊኛ ያለው የጎማ ቱቦ አመጣ። ፊኛው ስለሚይዘው ቱቦው ሾልኮ አይወጣም። ሰውየው የፓተንቱን ሙግት ተረታ፤ ስሙን ግን ማንም አልወሰደበትም፣ ዛሬም ቱቦው "ፎሊ" ነው የሚባለው።

ችግሩ፣ የሚቆይ ቱቦ ጀርምም ያቆያል። ድሮ ሽንቱ የሚፈሰው ክፍት ጠርሙስ ውስጥ ነበር፤ በአራት ቀን ገደማ የሁሉም ታካሚ ሽንት ባክቴሪያ ይይዝ ነበር ማለት ይቻላል። በ1966 ካልቪን ኩኒን እና ሬጂና ማኮርማክ ቱቦውና ከረጢቱ ተዘግተው ሲያያዙ ኢንፌክሽኑ በጣም እንደሚዘገይ አሳዩ። ልብ በሉ፣ ትልቁ ድል የመጣው ከአዲስ ማቴሪያል ሳይሆን አንድ ክፍት ነገር ከመዝጋት ነው።

መዘግየት ግን መቅረት አይደለም። የውሃ ጀሪካን ውስጡን የሚይዘውን ሙልጭልጭ ነገር ታውቁታላችሁ? ባክቴሪያዎችም ቱቦው ላይ እንደዚያ ያለ ንጣፍ ይሠራሉ፣ ባዮፊልም ይባላል። መድኃኒት እንደልብ አይደርስባቸውም። ፕሮቴየስ የሚባለው ባክቴሪያ ደግሞ ሽንቱን አልካላይ አድርጎ ጠጠር መሳይ ነገር ያጋግርና ቱቦውን ይደፍነዋል።

ስለዚህ ወደ ብር ተመለሱ፤ ብር ባክቴሪያ ይገድላላ! የብር ቅብ ያለው ካቴተር ወጣ፣ ዋጋውም ከፍ አለ። ላብራቶሪ ውስጥ ጥሩ ሠራ። በ2012 ግን ላንሴት ላይ የታተመው ትልቅ ሙከራ እውነቱን አወጣ። በብሪታንያ 24 ሆስፒታሎች ከ7,000 በላይ ታካሚዎች ለሦስት ዓይነት ቱቦ በዕጣ ተደለደሉ። በስድስት ሳምንት ውስጥ ታመው መድኃኒት የወሰዱት በተራው ቱቦ 12.6 በመቶ፣ በብሩ 12.5 በመቶ፣ ናይትሮፉራል የተባለ መድኃኒት በተነከረው ደግሞ 10.6 በመቶ ሆኑ። ብሩ ምንም አልፈየደም። የሦስተኛውም ልዩነት ትንሽ ነው ተባለ፣ ሕመምተኞቹንም ይበልጥ ይቆረቁር ነበር።

ለምን? የላብራቶሪ ሳህን የሰው ፊኛ አይደለማ። በሰው ላይ ቱቦውን ፕሮቲንና ማዕድን ቶሎ ይሸፍነዋል። ለዚህ ነው የካርዲፉ ዴቪድ ስቲክለር 37 ዲግሪ የሚሞቅ የመስታወት "ፊኛ" ሠርቶ፣ ሰው ሠራሽ ሽንት እያፈሰሰ ቱቦዎችን ይፈትን የነበረው። በዚያው በ2012 የኖቲንግሃም እና የኤምአይቲ ተመራማሪዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ፖሊመሮችን ፈትነው ባክቴሪያ የማይጣበቅባቸውን አገኙ። ሐሳቡ ተለወጠ፦ ከመግደል ይልቅ መቀመጫ መንሳት።

እስከዚያው እኛስ? በማግስቱ ጠዋት ሐኪሙን "ዶክተር፣ ቱቦው ዛሬም ያስፈልገዋል?" አልኩት። ፋይሉን አየና "እንሞክረው" አለ። ከሰዓት በኋላ ወጣ። አባቴ በራሱ ሸንቶ ሲመለስ እንደ ሎተሪ ዕጣ ደስ አለን። መድኃኒቱንም ጨርሶ ዳነ።

ካቴተር በቆየ ቁጥር በየቀኑ አደጋው ይጨምራል። አደራ፣ ራሳችሁ እንዳትነቅሉት፣ ውስጥ የተነፋ ፊኛ አለ! ግን በየጠዋቱ በትሕትና ጠይቁ። ጥያቄ በነፃ ነው።