የአክሱም የመዳብ መሐለቆች፦ በደረጃ ወይስ በዓይነት?

መግቢያ

ለታሪክ ጥናት ከሚያገለግሉት ቁሳዊ ማስረጃዎች መካከል መሐለቅ የራሱ የሆነ ልዩ ስፍራ አለው። ሐውልት በተተከለበት ይቆማል፤ የድንጋይ ጽሑፍም የሚነበበው ከስፍራው ለደረሰ ብቻ ነው። መሐለቅ ግን ከእጅ ወደ እጅ እየተዘዋወረ የአውጪውን መንግሥት ቃልና ምልክት ወደ ገበያው ሁሉ ያደርሳል። ከመሐለቆችም መካከል ለአነስተኛ ግብይት የሚያገለግለው መዳብ ወደ ተራው ሕዝብ እጅ የመድረስ ዕድሉ ከወርቁ የሰፋ ነው።

በአክሱምና በአካባቢዋ ከታረሰ መሬት ውስጥ አረንጓዴ ዝገት የለበሱ ትናንሽ የመዳብ መሐለቆች ይገኛሉ። ያገኛቸው ተማሪ በአሸዋ ወይም በሎሚ ፈትጎ ቢያጠራቸው ያሳመራቸው ይመስለው ይሆናል። ይሁን እንጂ በዚህ ዓይነት ጽዳት የሚጠፋው ነገር ከሚገኘው ውበት እጅግ ይበልጣል። የዚህም ምክንያት የሚታወቀው መሐለቅ በደረጃና በዓይነት እንዴት እንደሚመደብ ሲታወቅ ነው።

የሁለቱ አመዳደቦች ልዩነት

ደረጃ ማለት መሐለቁ በአገልግሎት ምን ያህል እንዳለቀ ወይም እንዳልተነካ የሚለካበት መንገድ ነው። ዓይነት ማለት ደግሞ አንዱ መሐለቅ ከሌላው በምስሉ፣ በፊደሉና በምልክቱ የሚለይበት ነው። ጥንታዊ መሐለቅ የሚመታው በእጅ በተቀረጸ ማኅተም ነበር። አንዱ ማኅተም ሲያልቅ ወይም ሲሰነጠቅ ሌላ ይቀረጻል፤ የሰው እጅ ደግሞ ሥራውን ፍጹም አንድ አድርጎ ስለማይደግመው፣ እያንዳንዱ ማኅተም የራሱን መለያ በመዳቡ ላይ ትቶ ያልፋል።

ሁለቱን አመዳደቦች አጣምረው ከያዙት ሥራዎች አንዱ የአሜሪካዊው የዊልያም ሼልደን መጽሐፍ ነው። ሼልደን እ.ኤ.አ. በ1949 ባሳተመው በዚህ ሥራ ከ1793 እስከ 1814 የወጡትን የአሜሪካ ትልልቅ የመዳብ ሳንቲሞች በማኅተማቸው ልዩነት ለይቶ ቁጥር ሰጣቸው፤ ለይዞታቸውም ከ1 እስከ 70 የሚደርስ መለኪያ አወጣ። የመለኪያው መነሻ የገበያ ዋጋ ነበር፤ በ1 ደረጃ አንድ ዶላር የሚያወጣ ሳንቲም በ70 ደረጃ ሰባ ዶላር ያወጣል የሚል ስሌት ነው። የዋጋው ግምት ከጊዜ ጋር ተለወጠ፤ ቁጥሩ ግን ወደ ሌሎች መሐለቆችም ተሻግሮ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። እንግዲህ ደረጃ በይበልጥ ለገዢና ለሻጭ የሚያገለግል ሲሆን፣ የታሪክ ተመራማሪ የሚፈልገው ምስክርነት በአብዛኛው የሚገኘው በዓይነቱ ዘንድ ነው።

የመዳቡ ምስክርነት

የአክሱም ነገሥታት ከሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ አካባቢ ጀምሮ እስከ ሰባተኛው መቶ ክፍለ ዘመን (እ.ኤ.አ.) ድረስ የራሳቸውን ገንዘብ አውጥተዋል። በስሙ ወርቅና ብር በማውጣት የመጀመሪያው የሚታወቀው ንጉሥ እንዱቢስ ነው፤ መዳብን የጨመረው አፊላስ ነው። በዒዛና ዘመንም በመሐለቅ ላይ የነበረው የጨረቃና የክብ ምልክት ለመስቀል ቦታውን ለቀቀ።

የቋንቋው ጉዳይ ከዚህ ያላነሰ ትኩረት ይሻል። ከጥቂቶች በስተቀር የወርቁ ጽሑፍ እስከ መጨረሻው ድረስ በግሪክኛ ቀርቷል፤ ግሪክኛ በጊዜው የባሕር ንግድ መግባቢያ ነበርና። በመዳቡ ላይ ግን ግሪክኛው ቀስ በቀስ ለግዕዝ ስፍራውን ሰጠ። ስሙ ያለ አናባቢ በመ፣ በሐ፣ በደ፣ በየ እና በሰ ፊደላት ብቻ የተጻፈው ንጉሥ በመዳቡ ላይ ያስቀረጸው የግዕዝ ቃል፣ በዚህ መስቀል ድል እንደሚያደርግ የሚያስታውቅ ነው። ቃሉ ከሮማዊው ንጉሠ ነገሥት ከቆስጠንጢኖስ መፈክር ጋር የሚዛመድ ሲሆን፣ የቀረበው ግን በአገሬው ፊደል ነው። የኋለኞቹ ነገሥታት መዳብም ለሕዝብ ደስታን፣ ሰላምንና ምሕረትን የሚመኝ የግዕዝ ጽሑፍ ይዟል።

በብዛት ከሚገኙት መካከል የንጉሡን ስም ሳይሆን «ንጉሥ» የሚለውን የግሪክኛ ማዕርግ ብቻ የያዘው መዳብ ይገኝበታል። በጀርባው፣ በመስቀሉ ዙሪያ፣ «ይህ አገሩን ደስ ያሰኝ» የሚል ትርጉም ያለው ጽሑፍ አለ። ከእነዚህ መዳቦች አንዳንዶቹ ጽሑፋቸው በጥራት የተቀረጸ ሲሆን፣ በሌሎቹ ላይ ፊደላቱ ተዛብተዋል። ያላለቀና የሚያምር አንድ መዳብ ብቻ የሚፈልግ ሰብሳቢ የተዛቡትን ወዲያ ይጥላል። ተመራማሪው ግን ቀራጩ ግሪክኛ ያውቅ ነበርን? ወይስ የሌላውን ምስል ብቻ ተከትሎ ቀረጸ? ብሎ ይጠይቃል። ስለሆነም ለገበያ ርካሽ የሆነው መዳብ ስለ ጽሕፈት ዕውቀት ብዙ ሊናገር ይችላል።

ዋዜባስ በተባለው ንጉሥ መዳብ ላይ ደግሞ ከንጉሡ ራስ በስተጀርባ ያለው ስፍራ በስስ ወርቅ ተለብጧል። ይህ ልባጥ ከዝገቱ ሥር ተሸፍኖ ሊቆይ ይችላል። በአሸዋ የተፈተገ ወይም በአሲድ የተነከረ መዳብ ግን ወርቁን ከዝገቱ ጋር አብሮ ያጣል፤ የፊደላቱም ጠርዝ ይበላል። ከዚያ በኋላ ያብረቀርቅ ይሆናል እንጂ አይመሰክርም።

ለትምህርት ቤቶች ያለው ጠቀሜታ

ይህን ዕውቀት በክፍል ውስጥ ለመጠቀም መሐለቁን በእጅ መያዝ አያስፈልግም። መምህሩ ሦስት ወይም አራት መሐለቆችን ከፎቶግራፍ አስተያይቶ በትልቅ ወረቀት ላይ ይሥላል። ተማሪዎችም ምልክቱ ጨረቃ ነው ወይስ መስቀል? ፊደሉ ግሪክኛ ነው ወይስ ግዕዝ? የንጉሡ ስም አለ ወይስ የለም? በሚሉት ጥያቄዎች ይመድቡታል። በመጨረሻ የትኛው እንደሚቀድምና ለምን እንደሆነ በምክንያት ያስረዳሉ። በዚህ ልምምድ ተማሪው የነገሥታትን ስም ከመሸምደድ አልፎ ከማስረጃ ወደ መደምደሚያ መድረስን ይማራል። የሚቻላቸው ትምህርት ቤቶች በአክሱምና በአዲስ አበባ ያሉትን ሙዚየሞች ቢያስጎበኙ ትምህርቱ ይበልጥ ይጠናከራል።

ከዚህ ጋር ሊዘነጋ የማይገባው የተገኘበት ስፍራ ነው። ከየት እንደወጣ ያልታወቀ መዳብ ዓይነቱ ቢታወቅም፣ አብረውት ከነበሩት ሸክላዎችና የሕንፃ ፍርስራሾች ተነጥሎ ከታሪኩ ግማሹን አጥቷል። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ለሚመለከተው አካል ማሳወቅ ይገባዋል። ስለሆነም መምህሩ ለተማሪዎቹ ሊያስጨብጣቸው የሚገባው መመሪያ አጭር ነው፤ አትፈትጉ፣ አትሽጡ፣ ያገኛችሁበትን ስፍራ መዝግባችሁ አስታውቁ።

መደምደሚያ

በሥርዓተ ትምህርት ዝግጅት የአክሱም ገንዘብ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ ጎልቶ የሚታየው ወርቁ ነው። ወርቁ አክሱም ለውጭው ዓለም የተናገረችውን ያስረዳል፤ ለገዛ ሕዝቧ የተናገረችውን ለመስማት ግን መዳቡን ማንበብ ያሻል። ያን ንባብ ለመጪው ትውልድ ማቆየት ደግሞ ከተመራማሪው ይልቅ በማሳው አቅራቢያ በሚያስተምረው መምህር እጅ ነው።