ከቁራኛ እስከ 48 ሰዓት

አንድን ሰው ከዓይናችን ሳንለይ ስንጠብቀው «በዓይነ ቁራኛ ጠበቅሁት» እንላለን። ቃሉን ዕለት ዕለት ስንናገረው ከየት እንደ መጣ የምናስብ ጥቂቶች ነን። ይሁን እንጂ በዚህ ቃል ውስጥ የአገራችን የእስራት ታሪክ ተጠቅልሎ ይገኛል።

መደበኛ ፖሊስ ባልነበረበት በቀድሞው ዘመን፣ ከሳሽና ተከሳሽ ነገራቸው በዳኛ ፊት እስኪቆረጥ ድረስ አብረው ይቈራኙ ነበር። ነገሩ ቀላል ሲሆን የሁለቱ ልብስ ጫፍ ለጫፍ ይቋጠራል፤ ሲከብድ ግን የአንዱ እጅ ከሌላው እጅ ጋር በሰንሰለት ይያያዛል። አበዳሪና ባለዕዳም እንዲሁ ተቈራኝተው የሚሄዱበት ጊዜ ነበር። ዋስ የጠራ ከዚህ ይድናል፤ ዋስ ያጣ ከባላጋራው ጋር ይውላል፣ ያድራል።

ይህ ሥርዓት ጭካኔ እንደ ነበረበት አይካድም። ነገር ግን ሁለት ነገር ልንመሰክርለት ይገባል። አንደኛ፣ የተቈራኘ ሰው ከሰው ዓይን አይሰወርም፤ በገበያም በመንገድም ይታያል። ሁለተኛ፣ ከሳሹ ራሱ የታሰረ ስለ ሆነ ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅ ይመኛል።

በ1934 ዓ.ም. የፖሊስ ሠራዊት በአዋጅ ሲቋቋም ተጠርጣሪን መያዝና መጠበቅ የመንግሥት ሥራ እየሆነ ሄደ። ከሳሽ ከሰንሰለቱ ተፈታ፤ ተጠርጣሪው ግን ከግድግዳ ውስጥ ገባ። የሚያየው ሰው አነሰ፤ ጠባቂውም እንደ እርሱ የታሰረ ስላልሆነ የሚያስቸኵለው ነገር አልነበረም።

ሕግ ይህን ጕድለት ለመሙላት ሰዓትን መረጠ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በ51ኛው አንቀጽ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት እንዲቀርብ አዘዘ። የአገሩም ጠባይ አልተረሳም፤ ፍርድ ቤቱ በእግር ብቻ የሚደረስበትና መንገዱም ከ48 ሰዓት የማያንስ ቢሆን፣ ጊዜውን ለማራዘም ለዳኞች ሥልጣን ተሰጥቶ ነበር። የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ ፖሊስ በማባበል ወይም በማስፈራራት ቃል እንዳይቀበል ከለከለ፤ ተጠርጣሪው መልስ ለመስጠት እንደማይገደድ እንዲነገረው አዘዘ፤ ለምርመራ የሚሰጠው ቀጠሮም በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን እንዳይበልጥ ወሰነ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት 48ቱን ሰዓት በ19ኛው አንቀጽ ጠበቀ፤ በ21ኛውም አንቀጽ የታሰረ ሰው ከትዳር ጓደኛው፣ ከዘመዶቹ፣ ከሃይማኖት አማካሪው፣ ከሐኪሙና ከጠበቃው ጋር የመገናኘት መብት እንዳለው ደነገገ።

ሆኖም የሕጉ መጻፍ ብቻውን ክፉውን አላስቀረም። በኅዳር 1967 ዓ.ም. በእስር ላይ የነበሩ ወደ 60 የሚደርሱ ሰዎች ያለ ፍርድ ተገደሉ። በአዲስ አበባ «ማዕከላዊ» ይባል የነበረው የምርመራ ቤት መንግሥት ሲለወጥ እንኳ በግርፋትና በሥቃይ የተነሣው ስሙ ሳይለወጥ ቆይቶ በ2010 ዓ.ም. ተዘጋ። ቤቱ መዘጋቱ መልካም ነው፤ ግፉን ይሠራ የነበረው ግን ቤቱ አይደለም።

እንግዲህ የማረፊያ ቤት መሻሻል ከሁሉ አስቀድሞ ከመዝገብ ይጀምራል። ሰውየው የተያዘበት ሰዓት ወዲያው ካልተጻፈ 48ቱ ከየት ተነሥቶ ይቈጠራል? ሲገባ የነበረው ጤንነት ካልተመዘገበ፣ ሲወጣ ቍስል ቢታይበት ማን ይጠየቃል? ወንድሙ ስንቅ ይዞ ከበር ሲመጣ ስሙ ከመዝገብ ከሌለ፣ ያ ሰው ወዴት ገባ ይባላል?

ክቡራን አንባብያን፤ ከእናንተ ብዙዎቻችሁ በብዕርና በመዝገብ የምታገለግሉ የመንግሥት ሠራተኞች ናችሁ። በአንድ ቀን አዘግይቶ የተጻፈ ቀን በሌላው መሥሪያ ቤት ትንሽ ስሕተት ይመስል ይሆናል፤ በማረፊያ ቤት ግን ገና ያልተፈረደበት ሰው አንድ ሌሊት ነው። የጥንቱ ሰንሰለት ከሳሽን ከተከሳሽ ጋር ያስር ነበር፤ የዛሬው መዝገብም ጠባቂውን ከሚጠብቀው ሰው ጋር ሊያቈራኘው ይገባል። በቅን የተያዘ መዝገብ ለታሰረው መከታ፣ ለሐቀኛውም ፖሊስ ምስክር ነው።