ሰው ሠራሽ ጥርስ
ሰው ሠራሽ ጥርስ የወለቀን የተፈጥሮ ጥርስ ለመተካት የሚሠራ ሲሆን፣ ተነቃይና ቋሚ ተብሎ ይከፈላል። ተነቃዩ አክሪሊክ በተባለ ጠንካራ ፕላስቲክ ወይም ከኮባልትና ከክሮም በተቀየጠ ቀጭን ብረት ላይ ይሠራል፤ ቋሚው ድልድይ ደግሞ በክፍተቱ ግራና ቀኝ ያሉት ጥርሶች ተሞርደው የሚሸከሙት በመሆኑ፣ ጎረቤቶቹ ጤነኛ ካልሆኑ አይመከርም። በመንጋጋ አጥንት ውስጥ የሚቀበረው የታይታኒየም ተከላ ከሁሉም ይጸናል፤ ዋጋው ግን ከባድ ነው።

ለምሳሌ ለደብረ ታቦርና ለጉና ተራራ ዙሪያ ገብስ አብቃይ ደገኛ፣ ከዋጋው ሌላ አመጋገቡም በምርጫው ሊታሰብበት ይገባል። ድድ ላይ ብቻ የሚያርፍ ሙሉ ተነቃይ ጥርስ የማኘክ ኃይሉ ከተፈጥሮው እጅግ የሚያንስ፣ በተለይም የታችኛው ጥርስ ምላስ ሲንቀሳቀስ የሚንሸራተት ስለሆነ፣ የገብስ ቆሎና ጥሬ ሥጋ ይፈትኑታል፤ በሶና ሽሮ ግን አያስቸግሩትም። ጥርስ አልባው አጥንት ከዓመት ዓመት እየሟሸሸ ተነቃዩ ጥርስ ስለሚላላ፣ ከገጠር የሚመጣ ታካሚ ከመግዣው ዋጋ ይልቅ ለማስተካከያ ተመልሶ መምጣት መቻሉን አስቀድሞ ሊያስብበት ይገባል። ተነቃዩ ማታ ማታ ወልቆና ታጥቦ ውኃ ውስጥ ያድራል፤ የፈላ ውኃ ግን ቅርጹን ያጣምመዋል።