ያለ ትእዛዝ የተነሡ ፎቶዎች

ስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ እ.ኤ.አ. በ1879 ወደ ሸዋ ሲመጣ የተፈለገው ለምህንድስና ሙያው ነበር። በአዋሽ ላይ ድልድይ ሠራ፤ ወደ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ውሃ በቧንቧ አስገባ፤ ስለ ባቡር ሐዲዱም ብዙ ደከመ። ፎቶግራፍ ያነሣ የነበረው ከሥራው ጎን ለጎን ነው። ይሁንና ዛሬ ዙሪክ ውስጥ የተቀመጡት ፎቶዎቹ፣ የዚያን ዘመን ኢትዮጵያ ለማጥናት ለሚሻ ሰው ከድልድዩ ይልቅ ይጠቅማሉ።

በኢትዮጵያ የካሜራ ታሪክ ኢልግን የመሰለ ሰው ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 ከናፒየር ጦር ጋር መቅደላ የደረሱት ፎቶ አንሺዎች ወታደሮች ነበሩ፤ አብዛኛው ድካማቸውም ካርታና ንድፍ ማባዛት ነበር። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጅያንና ከእርሱ በኋላ ልጆቹ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺዎች ሆኑ። ሥራቸው ድንቅ ነው፤ ነገር ግን ካሜራው የሚዞረው ዙፋኑ ወዳለበት ነው። ተራው ሰው ፎቶ የሚነሣው በሠርጉ ወይም በምረቃው ቀን፣ ፎቶ ቤት ሄዶ፣ ትንፋሹን ውጦ ነበር። ጓዳው፣ ጎረቤቱ፣ የአዘቦት ቀኑ ሳይነሡ ቀሩ።

ይህ ጉድለት የድሮ ብቻ አይደለም። የቶሮንቶው ሴንት ጄምስ ታውን በ1960ዎቹ፣ አሮጌ ቤቶች ፈርሰው፣ ልጅ ለሌላቸው ወጣት ሠራተኞች ታስቦ የተሠራ የረጃጅም ሕንፃዎች ሰፈር ነው። ኋላ ግን ከየአገሩ የመጡ ስደተኞች ማረፊያ ሆነ። የጋዜጠኛ ካሜራ እዚያ የሚደርሰው መከራ ሲኖር ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2018 ፓርላመንት ጎዳና 650 ቁጥር በተነሣው እሳት ከ1,500 በላይ ሰዎች ከቤታቸው ሲወጡ የከተማው ዜና ሁሉ ሕንፃውን ከውጭ አሳየ። ከእሳቱ በፊት በውስጡ የነበረውን ኑሮ፣ የልደት ኬኩን፣ በበረንዳው ላይ የተሰጣውን ልብስ፣ ያነሣው ካለ ካሜራ የሚወድ ነዋሪ ብቻ ነው። ለእንዲህ ያለው ሰው ማንም አላዘዘውም፤ ማንም አልከፈለውም፤ ፊልም ማጠቢያውን የሚከፍለው ከአስቤዛው ቀንሶ ነበር።

የኮዳክ የቶሮንቶ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ2005 ተዘጋ። በስልክ የሚነሣው ፎቶ ስም የሚጻፍበት ጀርባ የለውም። ከአዲስ አበባ በሻንጣ ተይዞ የመጣው አልበም ጀርባ አለው፤ በላዩም የማን ሠርግ እንደሆነና ዓመተ ምሕረቱ በእርሳስ ተጽፏል። ፊደል ያልቆጠረ የልጅ ልጅ ግን አያነበውም፤ አያቱን ዛሬ ካልጠየቀ ከመካከል የቆመችው ሴት ማን እንደሆነች የሚነግረው ሌላ ሰው የለም።