ብርሃን ከፀሐይ በፊት፦ ስለ ጽንፈ ዓለም ጥንተ ታሪክና ስለ ሥነ ፍጥረት ትምህርታችን

ጽንፈ ዓለም ራሱ መነሻና ዘመናት ያሉት ታሪክ አለው የሚለው አሳብ በአውሮፓ የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ዘንድ ተቀባይነትን ያገኘው ከብዙ ክርክር በኋላ ነው። ቤልጅጋዊው ቄስና የፊዚክስ ሊቅ ዦርዥ ለሜትር ስለ ዓለም አጀማመር አሳባቸውን በጽሑፍ ያወጡት በ1931 ነበር (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በዚያው ዓመት ለንደን ላይ የብሪታንያ የሳይንስ እድገት ማኅበር መቶኛ ዓመቱን ሲያከብር በተደረገው ውይይት ላይም ተናግረዋል። ዓለም መነሻ የለውም፣ ሁልጊዜም ያለ ነው የሚሉት የካምብሪጁ ፍሬድ ሆይል ደግሞ በማርች 28 ቀን 1949 በቢቢሲ ሬዲዮ ሲናገሩ የሚቃወሙትን አሳብ «ቢግ ባንግ» አሉት። ስሙን ያወጣው ተቃዋሚው ነው እንግዲህ።

ክርክሩን ወደ ለሜትር ወገን ያዘነበለው ፔንዝያስና ዊልሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ1964 ከሰማይ አቅጣጫ ሁሉ የሚመጣ ደካማ ጨረር ማግኘታቸው ነው። ዛሬ በሚታወቀው መሠረት ጽንፈ ዓለም 13.8 ቢሊዮን ዓመት ያህል ሆኖታል። በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች የሃይድሮጅንና የሂሊየም ኒውክሊየሶች፣ ከጥቂት ሊቲየም ጋር፣ ተገኙ። ከዚያም 380,000 ዓመት እስኪሞላ ድረስ ሁሉ እንደ ጉም የጋለ ነበርና ብርሃን ርቆ መሄድ አልቻለም። ሙቀቱ ወደ 3,000 ዲግሪ ሲወርድ አተሞች ተሠሩ፤ ብርሃንም ተለቀቀ። ሁለቱ አሜሪካውያን ያገኙት ያንኑ ብርሃን ነበር። ኮከብ የሌለበት ረጅም የጨለማ ዘመን ተከተለ፤ የእኛ ፀሐይ የተወለደችው ከ9 ቢሊዮን ዓመታት በኋላ ነው።

ወደ ቤታችን ስንመለስ፣ የሥነ ፍጥረት ትምህርት 22ቱን ፍጥረታት በስድስት ቀን ይደለድላቸዋል፦ እሑድ ስምንት፣ ሰኞ አንድ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ ሦስት ሦስት፣ ዓርብ አራት። መጽሐፈ ኩፋሌም ድምሩን 22 ያደርገዋል፤ ድልድሉ ግን ይለያል፤ በእሑድ ሰባት፣ በማክሰኞ አራት ይላልና። ሙሉ ንባቡ የተረፈው በግእዝ ብቻ ነው። (አንድ ብራናው እዚሁ ለንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛል፤ በ1868 ከመቅደላ የተዘረፉት ብዙዎቹ የብራና መጻሕፍትም የሚገኙት እዚያው ነው።)

በሁለቱም ድልድል ብርሃን የእሑድ፣ ፀሐይ የረቡዕ ፍጥረት ናቸው። ይህን አይቶ «አባቶቻችን ሳይንሱን ቀድመው ያውቁት ነበር» ማለት ቀላል ነው፤ ሲባልም እንሰማለን። እኔ ግን አልስማማበትም። የእሑዱ ብርሃን ማስረጃ ከሆነ፣ ማክሰኞ ከፀሐይ አስቀድሞ የበቀለው ተክል ማፍረሻ ሊሆን ነው። አንዱን መርጦ ሌላውን መተው ምርምር አይባልም። ከዚህም በላይ የኩፋሌን ጥያቄ ያሳስታል፤ መጽሐፉ 22ቱን ሥራዎች ከአዳም እስከ ያዕቆብ ካሉት 22 አበው ጋር የሚያመሳስለው የሰንበትንና የእስራኤልን ምርጫ ሊያስተምር ነው። የአተምን ጉዳይ አልጠየቀም። ለሜትር ራሳቸው ቄስ ሳሉ ይህን ጥንቃቄ ጠብቀዋል። በ1951 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ አዲሱን የሥነ ፈለክ ግኝት ለፈጣሪ መኖር ምስክር አድርገው ሲናገሩ አልተደሰቱም፤ ትምህርታቸው ከሃይማኖት ጥያቄ ውጭ መሆኑንም በኋላ በግልጽ ተናግረዋል።

ለእኛ ይበልጥ የሚያስቸግረው የቃላቱ ጉዳይ ይመስለኛል። ጠፈር በሥነ ፍጥረት የሰኞ ፍጥረት፣ ከውሃ የጸና፣ የላይኛውን ውሃ ከታችኛው የሚከፍል ነው። ዛሬ «የጠፈር ተመራማሪ» ስንል ግን ባዶውን ኅዋ ማለታችን ነው፤ አንዱን ቃል በሁለት ትርጉም የሚያነብ ተማሪ ሁለቱን ትምህርቶች ቢያደባልቅ አይፈረድበትም። «ታላቁ ፍንዳታ» የሚለው ትርጉምም ከሆይል ስያሜ የተወሰደ ነው። ፍንዳታ የሚፈነዳበት ቦታና በዙሪያው ባዶ ስፍራ ይሻል፤ ሊቃውንቱ የሚሉት ግን ስፍራው ራሱ ሰፋ ነው። ስለዚህ በአማርኛ «የዓለም መስፋት» ብንል ለነገሩ የበለጠ ይቀርባል።