የጋራ ሥራ የማን ነው? ሙዚቃዊ ቴአትርን በኅብረት የመፍጠር ትምህርት ከመቱ ሲታይ



በእጄ የያዝሁት በታይፕ የተመታ የአንድ አጭር ሙዚቃዊ ቴአትር ጽሑፍ ነው። በ1978 ዓ.ም. እዚሁ መቱ ተሠርቶ እዚሁ መድረክ ላይ የታየ ነው። በሽፋኑ ላይ አንድ ስም ብቻ ሰፍሯል፤ እሱም የእኔ ስም ነው። የዛሬው ንግግሬ ይህ ስም ብቻውን እዚያ መቀመጡ ለምን ስሕተት እንደ ሆነ ለማስረዳት ነው። ከዚህም ተነሥቼ አንድ ጥያቄ አቀርባለሁ፤ ሙዚቃዊ ቴአትርን በኅብረት መፍጠርን በድኅረ ምረቃ ደረጃ ማስተማር ብንሻ ከየት እንጀምር?

በቅድሚያ ቃሉን እንወስን። ሙዚቃዊ ቴአትር ስል በገቢርና በገቢር መካከል ተመልካችን ለማዝናናት ዘፈን የሚገባበትን ተውኔት ማለቴ አይደለም። ዜማው ራሱ ታሪኩን የሚያራምድበትን፣ ዘፈኑ ቢወጣ ታሪኩ የሚቋረጥበትን ሥራ ማለቴ ነው። እንዲህ ያለው ሥራ በባሕርዩ ከአንድ እጅ አይወጣም። ቃል የሚጽፍ፣ ዜማ የሚያወጣ፣ እንቅስቃሴውን የሚቀምርና ሁሉን በድምፁና በአካሉ የሚፈትን ተዋናይ ያስፈልጉታል። ታሪካችን ግን ሥራውን በኅብረት እየሠራ፣ ስሙን ለአንድ ሰው የመስጠት ልማድ አለው።

የዘመናዊ ቴአትራችን መነሻ ተደርጎ የሚጠቀሰው በ1910ዎቹ የቀረበው የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ነው። ሥራው በምፀቱ ምክንያት እንደ ታገደ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ለዛሬው ጉዳያችን ይበልጥ የሚቀርበው ግን ከእርሱ ቀጥሎ የመጣው ዮፍታሔ ንጉሤ ነው። ዮፍታሔ ከጎጃም፣ ከደብረ ኤልያስ የቅኔ ትምህርት ቤት ወጥቶ በአዲስ አበባ የቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት ያስተማረ ሰው ነበር። ቃልን፣ ዜማንና እንቅስቃሴን ለያይቶ የማያውቅ የቤተ ክህነት ሥልጠና ይዞ ወደ መድረክ ወጣ። ቅኔውን የሚዘርፍ፣ ዜማውን የሚያዜም፣ በአቋቋሙ የሚያሸበሽብ አንድ ሰው ነውና፣ ለእርሱ ዘፈን በተውኔት ላይ የሚጨመር ቅመም አልነበረም።

በዚያው ዘመን አንድ ሌላ ጅረት መጣ። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በኢየሩሳሌም ያገኟቸውን አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች የሙዚቃ ጓድ አድርገው ወደ አዲስ አበባ አስመጡ፤ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር። በጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. የንግሥ በዓል ላይ የተሰማው ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የኬቮርክ ነው። ግጥሙ ግን በአንዳንድ ጽሑፎች ለዮፍታሔ፣ በሌሎች ደግሞ ለብዙ ደራስያን ኅብረት ይሰጣል። እንግዲህ የአገር መዝሙር እንኳ የዜማው ባለቤት በግልጽ ተመዝግቦ የቃሉ ባለቤት ሲያከራክር ኖሯል። ይህ እንደ ዋዛ የሚታለፍ አይደለም። የጋራ ሥራ ሲወለድ ማን ምን እንዳዋጣ በዕለቱ ካልተጻፈ፣ ኋላ ተመራማሪ ቢደክምም እንደማያገኘው ያሳየናል።

በ1927 ዓ.ም. በመኰንን ሀብተ ወልድ መሪነት የተቋቋመው የአገር ፍቅር ማኅበር ይህን ልማድ ወደ ተቋም አሳደገው። በጦርነት ዋዜማ ንግግርና መዝሙር፣ ከነፃነት በኋላም ተውኔትና ዘፈን በአንድ ጣሪያ ሥር አቀረበ። በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ቤት በመኰንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ሲከፈት፣ ተዋንያንና የሙዚቃ ክፍል በአንድ ሕንፃ ተቀመጡ፤ የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን በዚያ መድረክ ሙዚቃ ላይ የደከመ ሰው ነው። በእነዚህ ቤቶች የጋራ ፈጠራ በሥርዓተ ትምህርት አልተሰጠም። ትምህርቱ ያለው በልምምድ አዳራሹ ውስጥ ነበር፤ ወጣቱ ከአንጋፋው ጎን ቆሞ ይቀስም ነበር።

ይህን ልምድ ዩኒቨርሲቲ አንድ ጊዜ በእጁ ይዞት ነበር። በ1950ዎቹ አጋማሽ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የኪነ ጥበባት ማዕከል ግብፃዊው የሙዚቃ ሰው ሐሊም ኤል ዳብ «ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ»ን መሠረተ፤ ኋላም ተስፋዬ ለማ ለዓመታት መራው። የመሰንቆ፣ የክራር፣ የዋሽንትና የእምቢልታ ተጫዋቾች ከየአገራቸው መጥተው፣ እያንዳንዳቸው በለመዱት ቅኝት ሲጫወቱ የኖሩ ሰዎች፣ አንዱ ሌላውን እየሰማ መሣሪያውን እንዲያስማማ ተጠየቁ። ለእኔ ይህ በአገራችን ዩኒቨርሲቲ የተሰጠ የመጀመሪያው የኅብረት ፈጠራ ትምህርት ነው።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ለሁለት ተከፈለ። ሙዚቃው በቅዱስ ያሬድ ስም በተሰየመው ትምህርት ቤት፣ ቴአትሩ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በተከፈተው የትምህርት ክፍል ተሰጠ። ዛሬ ሁለቱም በአንድ ኮሌጅ ሥር ናቸው፤ የቴአትሩ ትምህርት ቤት የዮፍታሔ ንጉሤን ስም ተሸክሟል። ዜማን፣ ቃልንና ሽብሸባን አንድ አድርጎ ያቆየልን ያሬድ የሙዚቀኞች፣ ያንኑ ሥልጠና ወደ መድረክ ያወጣው ዮፍታሔ የተዋንያን ሆኑ። ሁለቱ ስሞች ቢገናኙ አንዱ የሌላው ተማሪ ነበር፤ በሥርዓተ ትምህርታችን ግን እያንዳንዱ ለየራሱ በር ሆኗል።

ታዲያ በነዚያ ዓመታት ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀን ያለን ሰዎች የኅብረት ፈጠራን የት ተማርን? በኪነት ቡድን። የደርግ መንግሥት በየቀበሌው፣ በየገበሬ ማኅበሩ፣ በየፋብሪካውና በየጦር ክፍሉ የኪነት ቡድን አቋቁሞ ነበር። ዓላማው ግልጽ ነው፤ ቅስቀሳ። ይህን መሸፈን ለታሪክ ታማኝ አለመሆን ነው። ርእሱ ከላይ ይመጣል፣ መፈክሩ በመጨረሻ ይገባል፣ የማይገባ ቃል ይሰረዛል። ሆኖም በጎሬ፣ በመቱ፣ በበደሌ፣ በያዮና በሑሩሙ ለሚኖር ወጣት መሰንቆና ከበሮ፣ ጽሑፍና ጭፈራ በአንድ ክፍል የሚገናኙበት ሌላ ቦታ አልነበረም። እኔም የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሆኜ በመቱ አንድ ቀበሌ ቡድን ውስጥ ጸሐፊ ነበርሁ።

ያን ጊዜ ኢሉባቦር እንግዶች ይጎርፉባት ነበር። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ምክንያት ከወሎና ከትግራይ ብዙ ሺህ ሰዎች በሰፈራ ወደ ክፍለ ሀገሩ መጡ። ቡድናችንም የሰፋሪውንና የነባሩን ሕዝብ ወንድማማችነት የሚያሳይ ሥራ እንዲያቀርብ ታዘዘ። እኔ በአንድ ምንጭ ዙሪያ የሚገናኙ ሁለት ሰዎችን፣ አንድ ሰፋሪ ሽማግሌና አንዲት የአገሬውን ሴት አሰብሁ። አራት ገጽ ሙሉ ቃለ ተውኔት ጻፍሁላቸው። ይከራከራሉ፣ ይታረቃሉ፣ ስለ ኅብረት ይናገራሉ።

ሽማግሌውን የሚጫወቱት ከወሎ የመጡ የመሰንቆ ባለሙያ ነበሩ፤ አባባ እንላቸው ነበር። ማንበብ አይችሉምና ጽሑፉን ጮክ ብዬ አነበብሁላቸው። ጨርሰው ከሰሙኝ በኋላ «ልጄ፣ ይህን ያህል የሚያወራ ሰው አልተጠማም» አሉኝ። ከዚያም መሰንቋቸውን አንሥተው በትዝታ ቅኝት ቃል የሌለበት ዜማ ጀመሩ። ሴቲቱን የምትጫወተው ከሑሩሙ የመጣች ወጣት ዘፋኝ ጥቂት አዳምጣ በአፋን ኦሮሞ መለሰችላቸው። ያነሣችው በአካባቢዋ በሰርግ የሚዘፈን የቅብብል ዜማ ነበር፤ ፍጥነቱን ግን ቀንሳ አዘገየችው። ድምፅዋ ከመሰንቆው ጋር አልገጠመም። አባባ ቆም አሉ፤ የመሰንቆውን ጭራ አላልተው፣ ወደ እሷ ድምፅ ወርደው እንደ ገና ጀመሩ።

ይህን ቅጽበት ደጋግማችሁ እንድታስቡት እፈልጋለሁ። የሰፈራ ፖለቲካ ሊናገረው ያልቻለውን ነገር አንድ ሰው መሣሪያውን ወደ ሌላ ሰው ድምፅ በማውረድ አሳየው። ማን ወደ ማን ይቀርባል፣ ማን ምን ይለቃል የሚለው ጥያቄ ያለ ንግግር ተመለሰ። አራቱ ገጾቼ ወደ ግማሽ ገጽ ወረዱ። መፈክሩን እንደ ታዘዝነው በመጨረሻ አስገባን። በመቱ መድረክ ላይ ስናቀርበው ግን ከአዳራሹ ኋላ ቆመው የነበሩ ሰፋሪዎች ከመሰንቆው ጋር አብረው ያንጎራጉሩ የጀመሩት በምንጩ ትዕይንት ላይ ነው እንጂ በመፈክሩ ላይ አልነበረም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለአንድ የትምህርት ዕድል ሳመለክት የፈጠራ ሥራ እንዳቀርብ ተጠየቅሁ። ያን ጽሑፍ አስመትቼ፣ ስሜን በሽፋኑ ላይ ጽፌ አስገባሁ። ተቀባይነት አገኘሁ። ከሁሉ አብልጠው ያደነቁልኝ የምንጩን ትዕይንት ነበር፤ ይኸውም እኔ ያልጻፍሁትን። አላረምኋቸውም። ዛሬ በዚህ አትሮኖስ ፊት የቆምሁበት መንገድ ከዚያ ግማሽ ገጽ ይጀምራል።

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ብዙ ሰፋሪዎች ወደየአገራቸው ተመለሱ፤ አባባም አብረው ሄዱ። ዳግም አላገኘኋቸውም። ዘፋኟን ግን ለምርምር ሥራዬ ስዘዋወር በሑሩሙ አገኘኋቸው፤ የልጅ ልጅ አይተዋል። ዜማውን ከነመቀባበያው ሳይሳሳቱ ዘፈኑልኝና «ያ ወረቀት አለህ? ስሜስ አለበት?» ብለው ጠየቁኝ። የለበትም አልኋቸው። «እንግዲያው ያ ቀን ያለ እኔ ነበር ማለት ነው» ብለው ቡናውን ወደ መቅዳት ተመለሱ።

ይህን የምናገረው ለኑዛዜ ብቻ አይደለም። የግል ስሕተቴን የሚመስል አሠራር በትምህርት ሥርዓታችን ውስጥ ስላለ ነው። የድኅረ ምረቃ መመረቂያ ሥራ በልማዳችን የአንድ ተማሪ፣ በአንድ ስም የሚቀርብ ነው። ለታሪክ ወይም ለሥነ ጽሑፍ ጥናት ይህ ይሠራ ይሆናል። ሙዚቃዊ ቴአትር ለሚፈጥር ተማሪ ግን የጓደኛውን ድርሻ እንዲሸፍን የሚገፋ ደንብ ነው። እኔ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ በድብቅ የሠራሁትን ተማሪው በደንብ እንዲሠራው እናደርጋለን።

ሌላ መንገድ እንዳለ የውጭው ልምድ ያሳያል። በኒውዮርክ የብሮድዌይ የሙዚቃ መሪ የነበረው ሌማን ኤንግል በ1961 እ.ኤ.አ. የዜማና የግጥም ደራስያን አብረው የሚሠሩበትን ዐውደ ጥናት ጀመረ። በ1981 እ.ኤ.አ. ደግሞ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ለዚሁ ሙያ የሁለት ዓመት የድኅረ ምረቃ ትምህርት ከፈተ። በዚያ የዜማ ደራሲና የቃል ደራሲ ተጣምረው ይሠራሉ፤ በመጀመሪያው ዓመት ጥምረቱ እየተቀያየረ ከተለያየ ባሕርይ ጋር መሥራትን ይማራሉ፤ መመረቂያቸውም በኅብረት የጻፉት ሙሉ ሥራ ነው። ከዚህ የምንወስደው የብሮድዌይን ዜማ አይደለም። የምንወስደው ትብብር ራሱ የሚማሩት፣ የሚፈተኑበትና የሚወድቁበት ሙያ መሆኑን ነው።

እንግዲህ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። አንደኛ፣ ወደፊት እንዲህ ያለ ትምህርት ስንቀርጽ የልምምድ መዝገብ ግዴታ ይሁን። ዛሬ ማን ምን አመጣ፣ ምን ተሰረዘ፣ በማን ምክንያት የሚለው በዕለቱ ይጻፍ፤ ተጽፎም በሁሉም ይፈረም። ሁለተኛ፣ መመረቂያው የጋራ ሥራ ሆኖ፣ እያንዳንዱ ተማሪ ስለ ራሱ ሳይሆን ስለ ባልደረባው ድርሻ ጽፎ ይፈተን። የሌላውን ድርሻ በትክክል መግለጽ ያልቻለ አብሮ ሠርቷል ማለት አይቻልም። ሦስተኛ፣ ዲግሪ የሌላቸው የዜማና የጭፈራ ሊቃውንት በመረጃ ሰጭነት ብቻ ሳይሆን በመምህርነት ይጋበዙ። አባባ ዛሬ በዚህ ግቢ ቢኖሩ ቃለ መጠይቅ ይደረግላቸው ነበር እንጂ ክፍል አይሰጣቸውም ነበር። በኢሉባቦር ደግሞ ትምህርቱ በአንድ ቋንቋ ሊሰጥ አይገባውም፤ ያ ትዕይንት ሊወለድ የቻለው ሁለት ቋንቋዎች አንዱ ሌላውን ሳይተረጉም በአንድ ዜማ ላይ ስለ ተገናኙ ነው።

ልጨርስ ነው። የዚህን ጽሑፍ አዲስ ቅጂ አስመትቻለሁ። በሽፋኑ ላይ ሦስት ስሞች አሉ፤ ከእያንዳንዱም ስም ሥር የሠራው ሥራ ተጽፏል። ከእኔ ስም ሥር ያለው «አራት ገጽ ጽፎ ሦስት ተኩሉን የሰረዘ» የሚል ነው። የሁለቱን ስም በዚህ መድረክ የማልጠራው በአደባባይ ለመጥራት ፈቃድ ስላልጠየቅሁ ነው። ቅጂውን ነገ ጠዋት ወደ ሑሩሙ ይዤ እሄዳለሁ፤ እርሳቸው አንብበው ወይም አስነብበው ከፈቀዱ ወደ ቤተ መጻሕፍታችን ይገባል። ካልፈቀዱም እንዲታረም ያሉትን አርሜ እመለሳለሁ።